ስም የሌለው የጸሎት ርዕስ

«ስሜን አልጠራህም፤ ባጃጄን ግን ጠርተሃታል!»

«ባጃጅ የሚል ቃል የት አለ? እስቲ አሳየኝ።»

«‹በሦስት እግር ሮጦ› ምንድን ነው ታዲያ? እዚህ ከተማ በሦስት እግር የሚሮጥ ምን አለ? ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ?»

ከጎናችን የተቀመጠችው ነርስ ሳቋ አመለጣትና አፏን በሻርፗ ጫፍ ያዘች። እሱ አልሳቀም። ቁልፉን በጣቱ ላይ እያሽከረከረ ፊቴ ቆሟል።

«ወርያ፣ ስማኝ!» አለኝ። ቀኑን ሙሉ በሶማልኛ ሲጠራና ሲጠራራ ስለሚውል ሲናደድ እኛንም እንደዚያ ነው የሚጠራን፤ «አንተ ልጅ» እንደማለት ነው። «አንተ ስንኝህ ቤት እንዲመታልህ ነው የምትጨነቀው። እኔ ሚስት ላገባ ነበር።»

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን አልቆ ሌሎቹ ሄደው፣ ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል አራት ሰዎች ቀርተናል፦ ባጃጅ ነጂው ወንድማችን፣ ነርሷ፣ የቡድናችን መሪና እኔ። መሪያችን በአንድ የመንግሥት ቢሮ ሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ከደቡብ ተዛውረው የመጡ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ያን ሁሉ ጩኸት በፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ጉልበታቸው ላይ የተዘጋ መጽሐፍ ቅዱስ አድርገው ይሰማሉ። የጅጅጋ ነፋስ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለነበር ሁላችንም ከሚገባው በላይ ነበር የምንጮኸው።

የጠቡ መነሻ ግጥሜ ነው። ባለፈው እሁድ በጉባኤው ሁሉ ፊት ቆሜ አንድ ግጥም አንብቤ ነበር። መካከሉ ላይ እንዲህ ይላል፦

በሦስት እግር ሮጦ ቀኑን የጨረሰ፣
በቅጠል ተይዞ እናት ያስለቀሰ፣
ከራሱ ጋር ሲያወራ ሌቱ የሚነጋ፣
ወንድም አለን እዚህ ለገደል የተጠጋ።

የመጨረሻው ስንኝ ትንሽ እንደሚንገዳገድ ያኔም አውቄዋለሁ። ሕዝቡ ግን «አሜን» አለ፤ እኔም እግሬ መሬት ሳይነካ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።

አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጡት አንዱ ባጃጅ ነጂው ሊያገባት ያሰባት ልጅ አባት ነበሩ። ከድንበሯ ከተማ ከቶጎጫሌ የሚገባ ብርድ ልብስና ምንጣፍ ያከፋፍላሉ። አያታቸው ወታደር ሆነው መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሳቸውም ከጅጅጋ ሌላ አገር አያውቁም። ታናሽ ወንድማቸውን ጫት ከሥራውም ከትዳሩም አውጥቶት በመጨረሻ መንገድ ላይ ሲቀር አይተዋል። ስለዚህ በብዙ ነገር ለስላሳ ሰው ሆነው በዚህ በአንዱ ነገር እንደ ድንጋይ ናቸው። የባጃጅ ነጂው ሽማግሌዎች በማግስቱ፣ እሁድ፣ ቤታቸው ሊሄዱ ተቀጥሮ ነበር። ዓርብ ዕለት ግን የልጅቷ አባት ለጋሼ መልእክት ላኩ፦ «ሽማግሌዎቹ አይድከሙ። የሚቅም ሰው ቤቴ አይገባም።»

ግጥሙ ከምን እንደመጣ ለማስረዳት ስለ ርዕስ መናገር አለብኝ።

እኛ ጋ የጸሎት ርዕስ ስም የለውም። ያ ከተማው የተረበሸበት ነሐሴ ካለፈ በኋላ አዳራሹ ለወራት ተዘግቶ ነበር፤ በየቤቱ አምስት ስድስት እየሆንን ነበር የምንሰበሰበው። የአንዱ ቤት ጭንቀት ወደ ሌላው ቤት በሰው አፍ ይሄድ ነበር። በስልክ አይነገርም፣ በወረቀት አይጻፍም፣ ስም አይጠራም። «አንዲት እህት አለች፣ ባሏ የት እንዳለ አታውቅም» ይባላል። «አንድ ወንድም አለ፣ ሱቁን መልሶ መክፈት ፈርቷል» ይባላል። ተንበርክከን ለዚያች እህትና ለዚያ ወንድም እንጸልያለን። አዳራሹ ከተከፈተ፣ ፍርሃቱም ከቀለለ በኋላ ልማዱን አልተውነውም። የሴቶች ኅብረት ማክሰኞ ይጸልያል፤ ርዕሳቸውን ለጋሼ ያስተላልፋሉ፤ ጋሼ በቃላቸው ይዘው ቅዳሜ ለእኛ ለወጣቶቹ ያመጣሉ። የእኛም ወደ እነሱ እንደዚሁ ይሄዳል። ስም አይነገርም፣ ማነው ተብሎም አይጠየቅም። የጸለይንለት ነገር ከተሳካ «ጌታ መልሷል» ይባላል፤ ያኔም ለማን እንደተመለሰ አናውቅም። እኔ ይህን ልማድ እወደው ነበር። የማላውቀው ሰው ችግር ጉልበቴ ሥር ሲመጣ ግጥም ሊሆን የተዘጋጀ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ያ ርዕስ የመጣው በክረምቱ መግቢያ ነው። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲህ አሉ፦ «አንድ ወጣት ወንድም አለ። ሥራ ይጀምራል፣ አይዘልቅበትም። ሌሊት አይተኛም። ከራሱ ጋር ያወራል፣ ብቻውን ይስቃል። እናቱ በእንባ ነው ያሳሰበችን።»

እኔ ወዲያው ጫት ነው አልኩ። ጅጅጋ ያደገ ሰው ሌላ ምን ሊል ይችላል? የማይተኛ፣ ብቻውን የሚያወራ፣ ሥራ የማይበረክትለት ሰው በየሰፈሩ አለ፤ ምክንያቱም አንድ ነው። ስለዚህ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጸለይኩ። «ጌታ ሆይ፣ ያንን ወጣት ከቅጠል እስራት ፍታው! ለዚያች እናት እዘንላት!» አልኩ። አለቀስኩ፤ በእውነት አለቀስኩ። ጋሼ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው ረጅም ጊዜ አላነሡትም። ቡድኑ ሁሉ ሌላ ጊዜ ከሚለው በላይ «አሜን» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ርዕስ የኔ ሆነ። ጋሼ ሲያነሡት ሌሎቹ ለኔ ይተዉልኝ ነበር። እኔም በየሳምንቱ አዲስ ቃል እያመጣሁ ያንን ልጅ ከጉድጓድ አወጣዋለሁ፣ ከሰንሰለት እፈታዋለሁ፣ ከአመድ ላይ አነሣዋለሁ።

ችግሩ፣ ዓይኔ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ማነው ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው፤ ማየት ግን አልተከለከለም። እያየሁ ሄጄ ባጃጅ ነጂው ላይ ቆምኩ። ጠዋት ጠዋት ዓይኑ ይቀላል። ማስቲካ ከአፉ አይጠፋም። ውኃ ከእጁ አይለይም። ቀድሞ መጋዘን ይሠራ ነበር፣ ተወው። ሰው ሳይጭን ሲነዳ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቼዋለሁ። የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው። ሁሉም ገጠመልኝ። ግጥሙን ስጽፍ ወንድሜን የማድን መስሎኝ ነበር እንጂ የማጋልጠው አልመሰለኝም። «በሦስት እግር» ያልኩት ሌላ ሰው ሳያውቅ እሱ ብቻ እንዲያውቅ ብዬ ነው። እንዲያ አድርጎ መጻፍ ጥበብ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ያ ቅዳሜ፣ እሱ ቁልፉን እያሽከረከረ ፊቴ ሲቆም፣ እኔ አሁንም ርዕሱ የሱ መሆኑን አልተጠራጠርኩም። የካደ ነበር የመሰለኝ። ግን ሲምልና ሲገዘት ሳየው ሌላ መንገድ ታየኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩን» አልኩ። «የሱ ካልሆነ የሌላ ሰው ነው። ባለቤቱ ይጠራና ይህ ወንድማችን ነፃ ይውጣ።»

«ሕጉን ታውቃለህ።»

«ሕጉ የወጣው ሰው ለመጠበቅ ነው፤ አሁን ሰው እየጎዳ ነው።» አነጋገሬ ደስ አለኝ። በዚያች ሰዓት እንኳ አነጋገሬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። ቀና አላሉም። «ሰውዬው ጋ ሄጄ ርዕሱ የዚህ ልጅ አይደለም እላለሁ። የኔ ቃል ይበቃል።»

«አይበቃቸውም!» አለ ባጃጅ ነጂው። «ዓርብ ሲደውሉላቸው ምን አሉዎት? ‹ታዲያ የማነው?› አላሉም?»

ጋሼ መነጽራቸውን እንደገና መጥረግ ጀመሩ። ሰውዬው ብለዋቸው ነበር ማለት ነው።

እኔ ተነሣሁ። «ያ ሰውስ ራሱ የት ነው ያለው? ግጥሙን እኮ ሰምቷል፤ ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ወንድሙ በሱ ምክንያት ሚስት ሲያጣ ቤቱ ተሸሽጎ የሚቀመጥ ምን ዓይነት ክርስቲያን ነው? ፈሪ ነው! እኔ ብሆን…»

«ኧረ ዝም በል» አለች ነርሷ። አሁን አትስቅም።

«ለምን ዝም እላለሁ?»

«ዝም በል ብዬሃለሁ። እናትህን አታዋርዳት።»

«እናቴ ምን አገባት?»

ነፋሱ ለጊዜው ጋብ ያለ መሰለኝ። ነርሷ ሻርፗን ታጣጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ ታጣጥፋለች። የሷ እናት የሴቶች ኅብረት ውስጥ ናት። የእኔም እናት የሴቶች ኅብረት ውስጥ ናት።

መጀመሪያ የገባው ለሱ ነው፤ ለባጃጅ ነጂው። ቁልፉ ጣቱ ላይ ቆመ። ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ሲወርድ አየሁት፤ በቦታው የመጣው ግን ከቁጣው የባሰ ነበር። አዘነልኝ።

«እኔ ነኝ?» አልኩ።

ጋሼ ሕጉን አላፈረሱም። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

ተቀመጥኩ። የሚገርመው፣ ቶሎ አላመንኩም ማለት አልችልም፤ በአንድ ጊዜ ነው ያመንኩት። ማተሚያ ቤቱን ሦስት ወር ሠርቼ ተውኩት። የግል ትምህርት ቤቱን ሴሚስተሩ ሳያልቅ ተውኩት። ሌሊት አልተኛም። ስንኝ ስፈልግ ድምፄን አውጥቼ እላለሁ፣ አልጥም ሲለኝ እመልሰዋለሁ፣ ሲገጥምልኝ እስቃለሁ። ይህ ሁሉ ከራስ ጋር ማውራት መሆኑ አንድም ቀን በሐሳቤ አልመጣም። እኔ እየሠራሁ ነበር።

ከዚያ ሌላው ሁሉ እየተከታተለ መጣ። ጋሼ ማተሚያ ቤት ያስቀጠሩኝ ጎበዝ ነው ብለው መስሎኝ ነበር። አንዲት ነጋዴ እህታችን ቶጎጫሌ ድረስ ዕቃ እንዳጅባት ስትወስደኝ ወሬዬን ወድዳ መስሎኝ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ በሚኒባስ እያነበብኩላት ሄድኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጥናቱ በፊት አምስት ደቂቃ የግጥም ጊዜ የተሰጠኝ…

ነርሷን ጠየቅኳት። «የግጥም ጊዜውስ?»

ጋሼን አየች። ከዚያ በዝቅተኛ ድምፅ «እናትህ ናት የጠየቀችው» አለች። «የሚወደው ነገር ካለ እዚህ ያድርገው፣ እዚህ ይዋልልኝ አለች።»

«ግጥሞቹስ?»

«ምን ሆኑ?»

«ወዳችኋቸው ነበር?»

አሰበችበት። ለመዋሸት ጊዜ የነበራት ልጅ ናት፤ አልዋሸችም። «ይረዝማሉ» አለች።

ቤት ስደርስ እናቴ የሥራ ልብሷን እየተኮሰች ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው። ቅዳሜ ማታ የሳምንቱን ልብስ ተኩሳ በምስማሩ ላይ ትደረድራለች።

«እማዬ፣ ሴቶች ኅብረት ውስጥ ስለ እኔ ምን አልሽ?»

ካውያውን አላቆመችም። «ስምህን አልጠራሁም።»

«እቅማለሁ ብለሽ ታስቢያለሽ?»

«እኔ ጫት አላልኩም። ጫት ያልከው አንተ ነህ። እኔ የማየውን ነው የተናገርኩት። ሌሊት አይተኛም አልኩ፤ ትተኛለህ? ሥራ አይዘልቅበትም አልኩ፤ ዘለቅህ?»

«ከራሱ ጋር ያወራልስ? ግጥም እኮ ነው የምሠራው!»

«በግድግዳው ማዶ ሆኜ ምኑን አውቄ? ‹ተመለስ› ትላለህ። ዝም ትላለህ። እንደገና ‹ተመለስ› ትላለህ። ከዚያ ትስቃለህ። ማንን ነው ተመለስ የሚለው እላለሁ።» ካውያውን አሁን አቆመችው። «የወንድሜም ነገር እንደዚሁ ነው የጀመረው። ቀን ደህና ነበር። ማታ ማታ ብቻ ነበር የሚያወራው።»

አጎቴን አላውቀውም። ከእኔ መወለድ በፊት አንድ ቀን ከቤት ወጥቶ እንዳልተመለሰ ብቻ አውቃለሁ። እናቴ ስሙን ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም። ያኔ ነው የፈራችው ምን እንደሆነ የገባኝ፤ ጫትማ ቢሆን ሳይቀላት አይቀርም ነበር።

«ለምን ለኔ አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ልናገር ስል አንተ መጸለይ ጀመርክ።» እዚህ ላይ የሷም ፊት ቀላ። «ቡድንህ ውስጥ ስትጸልይ ለሴቶቹ ተወራ። ልጁ ራሱ እያለቀሰ ነው የሚጸልየው አሉ። ገብቶታል፣ ንስሐ እየገባ ነው ብለን አመሰገንን። እልል ያሉም ነበሩ።»

ስለ ራሴ ስጸልይ እልል ተብሎልኛል። ይህን ስሰማ የት እንደምገባ ጠፋኝ። ከአንድ ጎረቤታችን ቴሌቪዥን የሶማልኛ ዜና ይሰማ ነበር፤ እሱን ማዳመጥ ጀመርኩ፣ ግማሹ አይገባኝም።

«እሁድ ግጥሙን ሳነብ አቀርቅረሽ ነበር። ያለቀስሽ መስሎኝ ነበር።»

«አፍሬ ነው» አለች። «ልጄ ስለ ራሱ እንደዚያ ብሎ በሰው ፊት ሲያነብ ምን ላድርግ? ጎበዝም አልኩ፤ አፈርኩም። ሦስት እግር ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም ነበር። እግዚአብሔርን፣ ልጄንና እኔን ነው ብዬ ነበር።»

ቀሚሱን ምስማሩ ላይ ሰቀለች። የባጃጅ ነጂውን ጉዳይ፣ የሽማግሌዎቹን መቅረት ነገርኳት። አልሰማችም ነበር። ካውያውን ጥግ አስቀመጠችና «እንግዲህ ሂድና ንገራቸው» አለች። «የኔንም ስም ጥራ ካስፈለገ።»

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ጋሼ፣ ባጃጅ ነጂውና እኔ ሄድን። እሱ ከፊት ባጃጁን ይነዳል፣ እኔ ከጋሼ ጎን ሆኜ ማጅራቱን አያለሁ። ሸሚዙ አዲስ ነበር፤ ለሽማግሌዎቹ ቀን የገዛው ይመስለኛል።

የሰውዬው ሳሎን በከፊል መጋዘን ነው። ፕላስቲኩ ያልተገፈፈ ብርድ ልብስ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ጫማችንን አውልቀን ምንጣፉ ላይ ተቀመጥን። ልጅቷ ሻሂ በወተት አቀረበችልን፤ ስታቀርብ ማናችንንም አላየችም። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች፤ መጋረጃው ግን ከኋላዋ ሙሉ በሙሉ አልወረደም።

ጋሼ ስለ ወንድማማችነት መናገር ሲጀምሩ ሰውዬው እጃቸውን አነሡ። «ጋሼ፣ አናስረዝመው። ርዕሱ የማነው?»

«የኔ ነው» አልኩ። «ያ የማይተኛው ወጣት እኔ ነኝ። እናቴ ናት ያሳሰበችው።»

ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ትቅማለህ?»

«አልቅምም።»

«ታዲያ ጫቱ ከየት መጣ?»

«እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

«በራስህ ላይ?»

«እኔ መሆኔን አላወቅኩም ነበር።»

ሰውዬው ጋሼን አዩ። «ይህ ልጅ ጤነኛ ነው?»

«ጤነኛ ነው» አሉ ጋሼ። «ገጣሚ ነው።»

«ሌሊት ከራስህ ጋር የምታወራው ግጥም ነው?»

«አዎ።»

«ስለ ምን?»

«ብዙውን ጊዜ ስለ ነፋሱ።»

«ስለዚህ ስለ እኛ ነፋስ?» አሉና በእጃቸው ወደ ደጅ አመለከቱ። «እስቲ በል።»

ልል አልፈለግኩም። ግን ያን ቤት ለማሳመን ሌላ ምንም አልነበረኝም። አራት ስንኝ አልኩ። ሌሊት ብቻዬን ስለው ትልቅ የነበረው ነገር በዚያ ሁሉ ብርድ ልብስ መካከል ትንሽ ሆነ። ከመጋረጃው ጀርባ የታፈነ ሳቅ ሰማሁ።

ሰውዬው አልሳቁም። «ለዚህ ነው እናትህ የምታለቅሰው?» አሉኝ።

«ለዚህ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፊታቸው ግን ለቀቅ አለ። ሻሂያቸውን አንሥተው አንድ ጊዜ ጠጡና ወደ ባጃጅ ነጂው ዞሩ። «እንግዲያ አንተን በድዬሃለሁ። ግጥም ሰምቼ ሰው መፍረድ አልነበረብኝም። አንድ ቃል ብቻ ከአፍህ ልስማ። አልቅምም በለኝ፤ ሽማግሌዎቹ የሚመጣው እሁድ ይምጡ።»

አለቀ ብዬ ተነፈስኩ። ጋሼም ከጎኔ ሲተነፍሱ ሰማኋቸው። አንድ ቃል ነው የቀረው።

ባጃጅ ነጂው ሻሂው ላይ የረጋውን የወተት ቆዳ እያየ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ የተጣላን ቀን እንዳየኝ አልነበረም። ከኔ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ ለሳቸው መለሰ።

«የማታ ሥራ ተራ ሲደርሰኝ እቅማለሁ» አለ። «ሁልጊዜ አይደለም። እንዳልተኛ ነው።»

«ምን?»

«እቅማለሁ፣ ጋሼ። ልተወው እየሞከርኩ ነው። የተውኩባቸው ሳምንታት አሉ።»

«ትናንት ምለህ አልነበረም?» አሉ የኛ ጋሼ፤ ድምፃቸው ተሰበረ።

«የማልኩት ርዕሱ የኔ አይደለም ብዬ ነው። አይደለምም። እናቴ አታውቅም።»

ሰውዬው ሻሂያቸውን ምንጣፉ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጡ። «አልቅምም ብትለኝ አምንህ ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ። ልልዎትም ነበር፤ ቤት ድረስ የመጣሁት ልልዎት ነው።» በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። «ይሄ ልጅ እዚህ ተቀምጦ እውነቱን ብሎ ራሱን እንደዚያ ሲያዋርድ ካየሁ በኋላ ግን ውሸቱ አልወጣ አለኝ።»

ይህን ሲል በውስጤ የሆነውን ነገር ማንም አላየም፤ እስከ ዛሬም ለማንም አልተናገርኩትም። ለአንዲት ቅጽበት ደስ አለኝ። ዓይኔ አልተሳሳተም ነበር አልኩ። የቀላው ዓይን፣ ማስቲካው፣ ውኃው። ልክ ነበርኩ። ያ ሰው እየሰመጠ ሳለ እኔ ስለ ዓይኔ አሰብኩ። አዳራሹ ውስጥ ካነበብኩት፣ ስለ ራሴ ሳላውቅ ከጸለይኩት፣ ከሴቶቹም እልልታ የበለጠ የማፍርባት ያቺን ቅጽበት ነው።

መጋረጃው ሙሉ በሙሉ ወረደ፤ ማን እንዳወረደው አላየሁም።

«እውነት በመናገርህ አከብርሃለሁ» አሉ ሰውዬው በመጨረሻ። «ልጄን ግን አልሰጥህም። የተውክ ቀን ና።»

«መቼ እንደምተው አላውቅም» አለ። «ትጠብቀኝ አልልም።»

ተነሣ። የአዲሱን ሸሚዝ ጫፍ ወደ ታች ሳብ አደረገ። በሩ ጋ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አጠለቀ፣ ማሰሪያውን ግን አላሰረም። ጋሼ በስሙ ጠሩት፤ አልዞረም። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ያን ሁሉ ወር ለዚያ ወጣት በየሳምንቱ አዲስ ቃል ሳመጣለት የኖርኩ ሰው አንድም ቃል አጣሁ። ግቢውን አቋርጦ ሄደ። የላሜራውን በር ወደ ውጭ ገፋው፤ ነፋሱ ከእጁ ቀምቶ ከኋላው ዘጋው።